መጽሐፍ «ይውረድ» ሲባል ምን ይደረጋል? ለድሬዳዋና ለሐረር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የቀረበ የአሠራር መመሪያ

በእኛ አካባቢ አንድ መጽሐፍ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ የሚወርደው በዐዋጅ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። አንድ ኃላፊ ስልክ ደውሎ «ለጊዜው አንሡት» ይላል፤ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ከውሰት ጠረጴዛው ፊት ቆመው መጽሐፉ ሃይማኖታቸውን ወይም ወገናቸውን እንደሚነካ በቁጣ ይናገራሉ፤ ሠራተኛውም ነገሩ እንዳይካረር መጽሐፉን አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ማን እንዳዘዘ፣ በምን ምክንያት እንዳዘዘ፣ እገዳውም እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚገልጽ አንዳች ወረቀት ስለማይኖር መጽሐፉ ወደ ቦታው የሚመለስበት መንገድም አይኖርም። ይህ መመሪያ የቃል ጥያቄውን ወደ ጽሑፍ፣ ጽሑፉን ወደ ምርመራ፣ ምርመራውንም ምክንያቱ ወደ ተገለጸ ውሳኔ ለማድረስ የሚያስፈልጉትን ሥራዎች በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ጉዳዩ በድሬዳዋና በሐረር የተለየ ክብደት አለው። በአንድ ክፍል ውስጥ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ፣ የሶማልኛ፣ የሐረሪ፣ የዐረብኛና የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንባቢ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያነባል። አንዱ ወገን የሌላውን መጽሐፍ ማስወረድ የቻለ ዕለት ሌላውም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ በመጨረሻም መደርደሪያው ላይ የሚተርፈው የፈተና መለማመጃ ብቻ ይሆናል።

አንደኛ፦ ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት የጽሑፍ መመሪያ ያስጸድቁ

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍት አመራረጥና አወጋገድ መመሪያ ሊኖረው ይገባል። ቅሬታ ከቀረበ በኋላ የሚጻፍ መመሪያ አቤቱታ አቅራቢውን ለመመለስ የተፈበረከ ስለሚመስል ክብደት አይኖረውም። መመሪያው ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ ሦስት ወይም አራት ገጽ ይበቃል። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱን በሚያስተዳድረው ቢሮ ተፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበት፣ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በመዝገብ ቤት መቀመጥ አለበት።

በመመሪያው ውስጥ በመጀመሪያ መጻሕፍት የሚመረጡበት መስፈርት ይገለጽ፦ የአንባቢው ፍላጎት፣ የጽሑፉ ጥራት፣ በከተማው የሚነገሩ ቋንቋዎች ውክልና፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የተለያዩ አመለካከቶች መገኘታቸው። ቀጥሎ አንድ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መገኘቱ ቤተ መጻሕፍቱ በሐሳቡ ይስማማል ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በጠረጴዛ ፊት ከሚደረግ ረጅም ጭቅጭቅ ታድናለች። ከዚያም የማስወገጃ ምክንያቶች አንድ በአንድ ይዘርዘሩ፦ መጽሐፉ መቀደዱ ወይም በምስጥ መበላቱ፣ መረጃው ጊዜ ያለፈበት መሆኑ (ለምሳሌ የተለወጠ ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጽሐፍ)፣ ከሚፈለገው በላይ ቅጂ መኖሩ። «አወዛጋቢ መሆኑ» ወይም «ቅሬታ የቀረበበት መሆኑ» ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ እንዳልሆነም በዚያው አንቀጽ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ «አርጅቷል» በሚል ሰበብ የሚፈለገውን መጽሐፍ ማስወጣት ቀላል ነው፤ እገዳ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የማጣራት ሥራ መስሎ ነውና።

ለመመሪያው መነሻ የሚሆን ዓለም አቀፍ ሰነድ ቢፈለግ በዩኔስኮና በዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) በጋራ የወጣው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ጸድቆ በ2022 የተሻሻለው ይህ መግለጫ የቤተ መጻሕፍት ክምችትና አገልግሎት ለማንኛውም ዓይነት የርዕዮተ ዓለም፣ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት ሳንሱር እንዲሁም ለንግድ ጫና መገዛት እንደሌለበት ይደነግጋል። ይህንን ሐሳብ በመመሪያው መግቢያ ላይ ማስገባት ቢሮው ሰነዱን ሲያጸድቅ አብሮ እንዲያጸድቀው ያደርጋል።

ሁለተኛ፦ ሕጉን አውቆ መጠበቅ

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጠበቃ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ ይሁን እንጂ ከዚህ በታች ያሉትን ድንጋጌዎች በአንድ ገጽ ጽፎ በመሳቢያው ውስጥ ቢያኖር ይጠቅመዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 2 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሲደነግግ የመናገርን መብት ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ዓይነት መረጃና ሐሳብ የመሰብሰብና የመቀበል መብትንም ይጨምራል። ለእኛ ሥራ ዋናው ይህ ነው፤ ከመደርደሪያ የወረደ መጽሐፍ የሚነካው ጸሐፊውን ብቻ ሳይሆን ሊያነበው የመጣውንም ሰው ነውና። ንዑስ አንቀጽ 3 ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ቅድመ ምርመራ ቀድሞም በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ነፃነት ዐዋጅ ቁጥር 34/1985 ቀርቶ ነበር።

ንዑስ አንቀጽ 6 ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ አቤቱታ የሚያቀርቡ ሰዎችም ሊጠቅሱት ስለሚችሉ ነው። መብቱ ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ እንደሆነ፣ ሕጉም የተገለጸውን ሐሳብ ይዘትና ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት ምክንያት በማድረግ መብቱን መገደብ እንደማይችል ካስቀመጠ በኋላ፣ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕጋዊ ገደቦች ሊደነገጉ እንደሚችሉ ይገልጻል፤ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎችም በሕግ የሚከለከሉ መሆናቸውን ይጨምራል። ገደቡን የሚጥለው ሕግ ነው፤ የመምሪያ ኃላፊ፣ የሰፈር ኮሚቴ ወይም የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ አይደለም።

በቅርብ ዓመታት በተደጋጋሚ የሚነሣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። «ይህ መጽሐፍ የጥላቻ ንግግር ስለሆነ ታስጠይቃላችሁ» የሚል ማስፈራሪያ ሲመጣ የዚሁ ዐዋጅ አንቀጽ 6 ይታይ፤ የትምህርታዊ ጥናትና የሳይንሳዊ ምርምር፣ የዜና ዘገባ፣ ትንታኔና የፖለቲካ ትችት፣ የኪነ ጥበብ ፈጠራ እንዲሁም የሃይማኖታዊ አስተምህሮ አካል የሆነ ንግግር ከክልከላው ውጭ እንደሆነ ይናገራል። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ መጻሕፍት ከእነዚህ በአንዱ ሥር ይወድቃሉ።

ሦስተኛ፦ መጽሐፉ የመንግሥት ንብረት መሆኑን አይርሱ

ይህ እርምጃ ደረቅ ይመስላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ በላይ የሚሠራው እርሱ ነው። በግዢም ሆነ በስጦታ የገባ መጽሐፍ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ገቢ ሆኖ፣ በአክሴሽን መዝገብ (የገቡ መጻሕፍት በተራ በሚመዘገቡበት መዝገብ) ላይ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሕዝብና የመንግሥት ንብረት ነው። ማንም ሰው በቃል ትእዛዝ ሊያስወጣው፣ ሊያቃጥለው ወይም ወደ ቤቱ ሊወስደው አይችልም፤ የሚወገደው በንብረት አወጋገድ ሥርዓት ብቻ ነው። ድሬዳዋ በራሷ ቻርተር የምትተዳደርና ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች፣ ሐረሪም ክልል ስለሆነ፣ የትኛው የንብረት አስተዳደር ደንብ በእርስዎ ቤተ መጻሕፍት ላይ እንደሚሠራ ከፋይናንስ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ጠይቀው መልሱን በፋይል ያኑሩ።

ስለ ሐሳብ ነፃነት መከራከር የማይወድ ኃላፊ እንኳ «ጌታዬ፣ ይህ መጽሐፍ በስሜ የተመዘገበ ንብረት ስለሆነ ያለ ሰነድ ባስወጣው በኦዲት የምጠየቀው እኔ ነኝ» ሲባል ያዳምጣል። የሰነዱን ጥያቄ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ሥራ ግዴታ ስለሚያየው ሠራተኛውንም አይቀየምም።

ለዚህ ሲባል መዝገቡ የተሟላ መሆን አለበት። በስጦታ በካርቶን የመጡና ሳይመዘገቡ ጥግ ላይ የተደረደሩ መጻሕፍት በቀላሉ የሚጠፉት ናቸው፤ እነርሱን መመዝገብ ነገ የማይባል ሥራ ነው።

አራተኛ፦ ቅሬታ ይዞ የመጣን ሰው ማስተናገድ

ቅሬታ ያለው ሰው ጠላት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ልጁ ይዞት የመጣውን መጽሐፍ ገልጦ ያየ ወላጅ፣ ወይም ሌላ ሰው አንድ ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ የላከለት አማኝ ነው። በሕዝብ ፊት ቆሞ መከራከር ሁለቱንም ወገን ወደ ኋላ የማይመለሱበት ቦታ ላይ ስለሚያደርሳቸው፣ ሰውየውን ከአንባቢዎች ራቅ አድርገው ያስቀምጡና ውኃ ያቅርቡ፤ በድሬዳዋ የቀን ሙቀት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውይይቱ በዚህ መልክ ቢሄድ ይመረጣል፦

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እናንተ ጋር ይቀመጣል? አንሡት ብያለሁ።»

«አባባ፣ እንኳን መጡ፤ ይቀመጡ። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ያሳዩኝ።»

«ይኸው። ይኼን ገጽ አንብቢው።»

«አየሁት አባባ። ያሳሰበዎትን ነገር በሚገባ እንድናየው እዚህ ማመልከቻ ላይ እንጻፈው፤ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አንብቤልዎት ይፈርማሉ። እኔ ብቻዬን አነሣዋለሁ ወይም አላነሣውም ማለት አልችልም። የሚመረምር ኮሚቴ አለ፤ መልሱን በደብዳቤ እናሳውቅዎታለን።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ሠራተኛዋ መጽሐፉን አልተከላከለችም፣ አላጣጣለችውምም፤ ይነሣል የሚል ተስፋም አልሰጠችም። ሰውየው የሚናገሩትን በጽሑፍ ለማስፈር ግን ራሷ ተነሣች፤ ማንበብና መጻፍ ለሚያስቸግራቸው አመልካቾች ይህ የግድ ነው፤ አለበለዚያ ማመልከቻው እነርሱን ለማባረር የተዘጋጀ መሰናክል ይመስላቸዋል። ብዙ ቅሬታዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ሰው ሲደመጥ ቁጣው ይበርዳል።

ማመልከቻው የሚከተሉትን ይጠይቅ፦ የአመልካቹን ስምና አድራሻ፣ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ጸሐፊና የመዝገብ ቁጥር፣ መጽሐፉን በሙሉ ማንበባቸውን፣ ያሳሰባቸውን ገጽና ምክንያት፣ እንዲደረግ የሚፈልጉትን ነገር፤ በመጨረሻም በጉዳዩ ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ሊጨምረው ይገባል የሚሉትን ሌላ መጽሐፍ። የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም እንዳይዘልለው አደራ እላለሁ። «ይውረድ» ብሎ የመጣውን ሰው «ምን ይጨመር?» ብሎ መጠየቅ ከተከሳሽና ከከሳሽነት ያወጣዋል፤ የጠቀሰው መጽሐፍም ተገቢ ከሆነ ተገዝቶ ከጎኑ ይቀመጣል።

አንድ ማመልከቻ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ይሁን። ይህ ሕግ የመጣው ከሌሎች ሀገሮች ልምድ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 በመላ ሀገሪቱ እንዲወገዱ የተጠየቁ 4,240 የተለያዩ ርዕሶችን መዝግቧል፤ በ2024 ቁጥሩ 2,452 ነበር። በዚያው በ2024 ከቀረቡት ጥያቄዎች 72 በመቶው የመጡት ከተደራጁ ቡድኖች፣ ከቦርድ አባላት፣ ከአስተዳዳሪዎችና ከባለሥልጣናት ነው፤ ከወላጆች የመጣው 16 በመቶ ብቻ ነበር። ይህም ማለት ዝርዝር በአንድ እጅ ተዘጋጅቶ፣ ማንም ሳያነበው፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የተለየ ማመልከቻ፣ የተለየ ገጽና የተለየ ምክንያት ሲጠየቅ ያነበበ ሰው ጥያቄውን ያቀርባል፤ ያላነበበው ዝርዝሩን ይዞ ይመለሳል።

አምስተኛ፦ የስልክና የቃል ትእዛዝ ሲመጣ

ከአንባቢ ቅሬታ ይልቅ የሚከብደው የበላይ ኃላፊ ስልክ ነው፤ ሠራተኛው እንጀራው ያለው በዚያ ኃላፊ እጅ ነውና ፍርሃቱ ተገቢ ነው። እምቢ ማለት አያስፈልግም። በትሕትና «ጉዳዩን ለመፈጸም በደብዳቤ ይገለጽልን» ይበሉ። ደብዳቤው ካልመጣ በዚያኑ ቀን ከራስዎ ወገን እንዲህ የሚል አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ «በዛሬው ዕለት በስልክ በተሰጠን ትእዛዝ መሠረት በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል የተመዘገበው መጽሐፍ ከአገልግሎት እንዲነሣ ተጠይቀናል። በተቋሙ መመሪያ መሠረት መጽሐፍ የሚነሣው በኮሚቴ ተመርምሮ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ለኮሚቴው ለማቅረብ እንድንችል ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ወጪ ሆኖ ቁጥር ይያዝ፤ ግልባጩም በፋይል ይቀመጥ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በስልክ ያዘዘ ሰው ስሙንና ፊርማውን በወረቀት ላይ ለማስፈር ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይተወዋል፤ ካልተወውም ጉዳዩ ሥርዓቱን ይዞ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ሠራተኛው ከተጠያቂነት ይድናል። በምርጫ ሰሞን ወይም አካባቢው ሲታመስ ግን ማንም ሰው ይህንን ብቻውን አይጋፈጥ፤ ደብዳቤው በቤተ መጻሕፍቱ ስም እንጂ በግለሰብ ስም አይውጣ፤ ዛቻ ከተሰማም ሠራተኛው ቦታውን ይልቀቅ። ከሰው ሕይወት የሚበልጥ መጽሐፍ የለም።

ስድስተኛ፦ ምርመራው እስኪያልቅ መጽሐፉ ከቦታው አይነሣ

ቅሬታ ቀርቧል ተብሎ መጽሐፉ «ለጊዜው» ከተነሣ እገዳው ያኔውኑ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ወራት ያልፋሉ፣ አንባቢውም መጠየቁን ይተዋል። ስለዚህ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ይቆይ፤ ኮሚቴው የሚያነበው ሌላ ቅጂ ይፈለግ። ሌላ ቅጂ ከሌለ አባላቱ እንደማንኛውም አንባቢ በተራ ተውሰው ያንብቡት።

በሀገራችን ብዙ ቤተ መጻሕፍት አንባቢው ራሱ ወደ መደርደሪያ ገብቶ መጽሐፍ አይመርጥም፤ ከካታሎግ ሳጥኑ ቁጥር ጽፎ ለሠራተኛው ይሰጣል። ይህ አሠራር ለስውር እገዳ በጣም የተመቸ ነው። ካርዱን ከሳጥኑ ማውጣት ወይም «የለም» ብሎ መመለስ ብቻ ይበቃል፤ አንባቢውም መጽሐፉ መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በመመሪያው ይከልከሉ፦ የካታሎግ ካርድ ያለ ውሳኔ ማውጣት፣ ያለን መጽሐፍ «የለም» ማለት፣ መጽሐፉን የተዋሰን አንባቢ «ይህን ለምን ታነባለህ?» ብሎ መጠየቅ። አንባቢ ቢጠይቅና መጽሐፉ በምርመራ ላይ ቢሆን እንኳ እውነቱ ይነገረው።

ሰባተኛ፦ መርማሪ ኮሚቴ ማቋቋም

ኮሚቴው አምስት ወይም ሰባት አባላት ይኑሩት፦ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የታሪክ መምህር፣ የሕግ ባለሙያ፣ የወላጆች ተወካይ፣ አንድ ወጣት አንባቢ። ሐረር ላይ በአፎቻ፣ በሌላውም ሰፈር በእድር የታወቁ፣ ሰው የሚሰማቸው አንባቢ ሽማግሌ ቢጨመሩ ውሳኔው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ተቀባይነት ያገኛል።

ኮሚቴው በሃይማኖትና በብሔር ኮታ እንዲሞላ ግን አልመክርም። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አባል የራሱን ወገን ክብር ጠባቂ ሆኖ ስለሚቀመጥ «የእኛን ካነሣችሁ የእናንተንም እናነሣለን» ወደሚል ድርድር ይወርዳል፤ በዚህ ድርድር ሁለቱም መጻሕፍት ይወርዳሉ። አባላት በሚያነቡት ቋንቋና በንባብ ልምዳቸው ይመረጡ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ መጽሐፍ በአፋን ኦሮሞ የሚያነብ፣ በሶማልኛ የተጻፈው በሶማልኛ የሚያነብ አባል ሳይኖር አይመርመር፤ በሌላ ሰው ቃል የተተረጎመ አንድ አንቀጽ ይዞ መፍረድ ምርመራ አይደለም።

የአሠራር ሕጎቹ ጥቂትና ጥብቅ ይሁኑ። መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያላነበበ አባል ድምፅ አይስጥ። ቅሬታ የቀረበበት አንቀጽ ከምዕራፉ፣ ምዕራፉም ከመጽሐፉ ተነጥሎ አይታይ፤ በልብ ወለድ ውስጥ ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚናገረው ነገር የደራሲው አቋም ተደርጎ አይወሰድ። አመልካቹ ከፈለጉ ቀርበው ይናገሩ። ውሳኔው በ45 ቀን ውስጥ ይሰጥ፤ ቃለ ጉባኤው ለእያንዳንዱ ነጥብ ምክንያቱን ይጻፍ፤ በሐሳብ የተለየ አባል ካለ የልዩነት ሐሳቡ ይያያዝ። በመደርደሪያው እንዲቆይ የተወሰነለት መጽሐፍ አዲስ ምክንያት ካልቀረበ በቀር ለሁለት ዓመት ዳግም አይመርመር። አመልካቹ ባይስማሙ ለቢሮው ይግባኝ የሚሉበት መንገድ በደብዳቤው ላይ ይገለጽላቸው።

«ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር» የሚለው ውሳኔ ለሁሉም የሚመች አስታራቂ መስሎ ስለሚታይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የልጆች ክፍል ውስጥ በስሕተት የገባን የአዋቂዎች ልብ ወለድ ወደ ቦታው መመለስ ትክክል ነው። የታሪክ መጽሐፍን ግን ቁልፉ ከኃላፊው ኪስ ወደማይወጣ ቁም ሣጥን «ማዛወር» እገዳ ነው።

ስምንተኛ፦ የልጆች ጉዳይ

እዚህ ላይ ወላጆች እውነት አላቸው፤ ሕገ መንግሥቱም የወጣቶችን ደኅንነት ለይቶ ጠቅሷል። የልጆች ክፍል በዕድሜ ተከፍሎ ይደራጅ፤ ወላጅ የራሱ ልጅ የማይዋሰውን መጽሐፍ በልጁ የአባልነት ካርድ ላይ ማስጻፍ ይችላል። ይህ መብት የሚሠራው ግን በራሱ ልጅ ላይ ነው፤ የጎረቤቱ ልጅ ምን እንዲያነብ የሚወስነው ጎረቤቱ ነው።

ዘጠነኛ፦ የአንባቢዎችን መዝገብ መጠበቅ

መጽሐፉን ማስወረድ ያልቻለ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ማን ነው የሚያነበው?» ብሎ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት በጁገል ጠባብ መንገዶችም ሆነ በመጋላ ሰፈር አንድ ወጣት ምን እንደተዋሰ ቤተሰቡ ከመስማቱ በፊት ጎረቤት ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ የውሰት መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ አይቀመጥ፤ ከመጽሐፉ ጀርባ የሚለጠፈው የመመለሻ ወረቀት ላይ ቀን እንጂ የተዋሰው ሰው ስም አይጻፍ፤ መጽሐፉ ሲመለስ ስሙ ከካርዱ ይሰረዝ። በሕግ ሥልጣን ባለው አካል የተሰጠ የጽሑፍ ትእዛዝ ካልቀረበ በቀር የአንባቢ ስም ለማንም፣ ለሥራ ባልደረባም ጭምር፣ አይነገር።

ዐሥረኛ፦ መደርደሪያውን መቁጠር

እገዳ ሁልጊዜ በማመልከቻ አይመጣም። አንዳንዱ መጽሐፉን ተውሶ አይመልሰውም፤ ሌላው ገጾቹን ቀድዶ ይመልሰዋል፤ ሌላውም ማንም በማያየው መደርደሪያ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሸጉጠዋል። የቤተ መጻሕፍቶቻችን አብዛኛው ተጠቃሚ የራሱን ደብተር ይዞ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ስለሆነ መጽሐፍ ሲጠፋ ቶሎ አይታወቅም። ጠዋት በር ከመከፈቱ በፊት ከመደርደሪያዎቹ አንዱ በየቀኑ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር። የጠፋው መጽሐፍ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ምትኩም በሚቀጥለው ግዢ በመጀመሪያ ረድፍ ይግባ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሠራተኛው ራሱ ማንም ሳይጠይቀው የሚያደርገው እገዳ ነው። አዳዲስ መጻሕፍት ሲመረጡ «ይህ ነገር ያመጣል» ብሎ መዝለል፣ በስጦታ የመጣውን ካርቶን ሳይከፍቱ መተው፣ በአንድ ወገን ታሪክ ላይ የተጻፈውን ብቻ መግዛት ምንም ወረቀት ስለማይተው ማንም ይግባኝ ሊልበት አይችልም። መድኃኒቱ የታዩ ግን ያልተገዙ መጻሕፍት ዝርዝር ከነምክንያቱ መያዝና በዓመት አንድ ጊዜ ከሌላ ባለሙያ ጋር ማየት ነው። ምክንያቱን ለመጻፍ ካፈርን ምክንያቱ ትክክል አልነበረም።

ዐሥራ አንደኛ፦ ጉዳዩ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲወጣ

የአንድ ገጽ ፎቶ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር ሠራተኞች በግል ገጻቸው መልስ አይስጡ። ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ ሰው በኩል አጭር መግለጫ ያውጣ፦ ቅሬታው ቀርቧል ወይም አልቀረበም፣ በመመሪያው መሠረት እየተመረመረ ነው፣ ውሳኔው በዚህ ቀን ይገለጻል። የአመልካቹ ስም አይጠቀስ። መግለጫው አንባቢው በሚረዳቸው ቋንቋዎች ሁሉ ቢወጣ ይመረጣል፤ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የወጣ መልስ ለሌላው ወገን የተደበቀ ነገር ያለ ያስመስላል። ከድሬዳዋና ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የሕግ መምህራን ጋር ቀድሞ መተዋወቅ ለዚህ ጊዜ ይጠቅማል፤ ምክር የሚጠየቀው ሰው በችግር ቀን መፈለግ የለበትም።

ዐሥራ ሁለተኛ፦ ይነሣ የሚል ውሳኔ ከመጣ

በፍርድ ቤት የተሰጠ ትእዛዝ ይከበራል፤ ይግባኝ የሚቻል ከሆነ ቢሮው እንዲጠይቅ በጽሑፍ ይቀርብለታል። ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ከአንባቢው ጎን ይቆማል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በላኖ ካውንቲ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተነሡ 17 መጻሕፍትን በተመለከተ አንባቢዎች ክስ አቅርበው በመጀመሪያ ቢረቱም፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሙሉ ጉባኤ አንባቢዎች መረጃ የማግኘት መብትን ጠቅሰው የመጻሕፍትን መነሣት ሊቃወሙ አይችሉም ብሎ ወስኗል። በአንጻሩ የኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መጻሕፍት በወገንተኝነት ወይም በርዕዮተ ዓለም ምክንያት እንዳይነሡ የሚከላከል የጽሑፍ መመሪያ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ከግዛቱ የገንዘብ ድጎማ እንዳያገኝ አድርጓል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ፣ መጽሐፉ ከተነሣ በኋላ ከሚቀርብ ክስ ይልቅ አስቀድሞ የጸደቀ መመሪያ አስተማማኝ ነው የሚለው እምነቴ ይጠናከራል።

መጽሐፉ እንዲነሣ ቢወሰን እንኳ አይጥፋ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ገበያ ላይ እንደዋለ ወዲያው እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነበር፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን በሰዎች እጅ በመቆየቱ የደርግ ሥርዓት ካለፈ በኋላ በድጋሚ ታትሞ ዛሬ በነፃነት ይነበባል። በሐረርም የአብዱላሂ ሸሪፍ የግል ሙዚየም ዛሬ የሚያሳያቸው የእጅ ጽሑፎች የተገኙት በየቤቱ ተጠብቀው በመቆየታቸው ነው። ስለዚህ እንዲነሣ የተወሰነበት ቅጂ በፖስታ ታሽጎ፣ የውሳኔው ግልባጭ ተያይዞበት፣ ከምስጥና ከእርጥበት በተጠበቀ መጋዘን ይቀመጥ። በአክሴሽን መዝገቡ ላይ ተራ ቁጥሩ አይሰረዝ፤ በአስተያየት ዓምዱ ላይ «በዚህ ቀን፣ በዚህ የውሳኔ ቁጥር ከአገልግሎት ተነሥቶ በመጋዘን የሚገኝ» ተብሎ ይጻፍ። ኮሚቴው በየስድስት ወሩ ውሳኔው እንዲቀጥል ወይም እንዲነሣ በድጋሚ ይመልከተው።

ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ እነዚህ ፋይሎች ከቁልፍና ከንብረት ጋር በርክክብ ቅጹ ላይ በስም ተዘርዝረው ይተላለፉ፦ የጸደቀው መመሪያ፣ የቀረቡ ማመልከቻዎች፣ ወጪና ገቢ ደብዳቤዎች፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤዎች፣ በመጋዘን የታሸጉ መጻሕፍት ዝርዝር። ተረካቢው እያንዳንዱን ቆጥሮ ይፈርም፤ አንዱ ግልባጭ በመዝገብ ቤት፣ ሌላው በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ።